መጽሐፍ በድሬዳዋ ገበያ፦ ልብ ወለዱ ይሮጣል፣ የታሪኩ መጽሐፍ ይቆያል

ድሬዳዋ ላይ ገዥ የማያገኝ ሸቀጥ የለም ይባላል። በታይዋን፣ በአሸዋና በቀፊራ ገበያዎች ከሞባይል እስከ ሽቶ፣ ከጨርቅ እስከ ቅመም የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ አዲስ የወጣ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ግን ዕድሉ እንደ ጨርቁ አይቀናም። ያሰበው መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ከወጣ ሰንብቷል፤ ድሬ የደረሰው ጥቂት ኮፒ ነው፤ እሱም አልቋል። በሻጩ መደርደሪያ ላይ የሚጠብቀው ማንም ያልጠየቀው፣ ፀሐይ ሽፋኑን ያነጣው የአምና ትራፊ ነው።

ይህ የአንባቢ ማነስ ያመጣው ነው የሚሉ አሉ። የዚህ ዓምድ አስተያየት ከዚህ ይለያል። ችግሩ የአመራረጥ ነው፤ የድሬዳዋ ቸርቻሪ ለድሬዳዋ ሰው የሚሆነውን ከመምረጥ ይልቅ ከአዲስ አበባ የተረፈውን ይቀበላል። በዚህ የተነሳ ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ለምሳሌ የሽፋን ዋጋው 500 ብር የሆነ ልብ ወለድ አለ እንበል። ቸርቻሪው በ25 ከመቶ ቅናሽ 30 ኮፒ ቢረከብ የሚያወጣው 11,250 ብር ነው። 22 ኮፒ ሸጦ እንኳን ዋናውን ገንዘብ አልመለሰም፤ 23ኛው ላይ ገና ይወጣል። ትርፍ የሚባለው ያለው በመጨረሻዎቹ 7 ኮፒዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ድሬ ድረስ ያለው የ515 ኪሎ ሜትር ማጓጓዣ፣ የሱቅ ኪራይና በመንገድ የተበላሸው ይቀነሳል። 7 መጽሐፍ ያልተሸጠለት ነጋዴ ዓመቱን በነፃ ሲያገለግል ከረመ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ንግድ ውስጥ ወሳኙ ጥያቄ ያልተሸጠውን አከፋፋዩ መልሶ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም የሚለው ነው። በዱቤና በመመለስ ውል የሚሠራ ቸርቻሪ ደፍሮ አዲስ ደራሲ ያስገባል፤ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ግን ስም ካለው ደራሲ አይወጣም።

የብሩ ነገርም አለ። መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ የማተሚያው መለዋወጫም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ጫናው የመጽሐፉ ጀርባ ላይ የታተመው ዋጋ ላይ አረፈ። ድሬዎችን የሚያስቆጨው ደግሞ ጉዞው ነው። ወረቀቱ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በባቡር የተጫነ እንደሆነ በከተማቸው በኩል አልፎ፣ አዲስ አበባ ታትሞ፣ መጽሐፍ ሆኖ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ የተጓዘ ወረቀት ነው የሚገዙት።

ነገሩ ጥንት እንዲህ አልነበረም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ከተማዋ የአገሪቱ የመግቢያ በር ሆነች፤ የኅትመት ሥራም ከቀደሙት ውስጥ ነበረች። የካፑቺን ሚስዮናውያን ሐረር ላይ እ.ኤ.አ. በ1905 «ለ ሰሜር ዴትዮፒ» የተባለ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጡ ነበር። የእነሱው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 የባቴማንን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አትሞ ያወጣው እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነው። ያንን የሚያህል ባለ ሁለት ፊደል ሥራ ለቅሞ ማተም በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። ያን ጊዜ ከድሬ ወደ መሐል አገር መጽሐፍ ይላክ ነበር።

ወደ ዛሬው ገበያ እንመለስ። በልብ ወለድ ረገድ ፈጣኑ ሸቀጥ የታወቀ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ገዥ አላጣም፤ ለቸርቻሪው እንደ ጨውና ስኳር ነው፤ ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ሲያልቅ ይተካል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀውን ወጣት ወደ መደብር አስገብቷል፤ ደጋግሞም ታትሟል። የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» እና ተከታዮቹም በዚያው መንገድ ሄደዋል። የአዳም ረታ «የስንብት ቀለማት» ግን ሌላ ዓይነት ሸቀጥ ነው። ዳጎስ ያለ ነው፤ ዋጋውም እንደ ክብደቱ ነው፤ ገዥው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ገዥ ግን አይከራከርም፤ ሌላም መጽሐፍ ጨምሮ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሦስት ኮፒ ይበቃል፤ ሠላሳ ማስገባት ኪሳራ ነው፤ ጭራሽ አለማስገባት ደግሞ ያንን ደንበኛ ማጣት ነው።

ከአዲሶቹ ውስጥ ለየት የሚለው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ከገበያ የተሰበሰበው፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የገባበት የጠፋው ይህ ልብ ወለድ በዴቪድ ዴጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ለውጭ አንባቢ ቀርቧል። ለድሬ ነጋዴ ይህ ተራ ወሬ አይደለም። ወደ ሐረር የሚሄደው ቱሪስት በአብዛኛው በድሬ አየር ማረፊያ ወርዶ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና የሚወጣ ነው። ይህ ሰው በሻንጣው ይዞት የሚመለሰውን የአገሩን መጽሐፍ ይፈልጋል። ስለ ምሥራቁ በእንግሊዝኛ የተጻፈም አለለት፦ የጅግጅጋው ልጅ ነጋ መዝለቂያ በልጅነቱ ታሪክ ላይ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው መጽሐፍ፣ ካሚላ ጊብ ሐረርን መቼት አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው ልብ ወለድ። የእነዚህን አንዳንድ ኮፒ በሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል?

ልብ ወለድ ያልሆነው ዘርፍ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ነገር ግን አይሞትም። ከዚህ ውስጥ የድሬዳዋ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ መደርደሪያው ላይ ሊያኖረው የሚገባው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ምክንያቱም ደራሲው የዚችው ከተማ የጉምሩክ ሹም ነበሩ። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በዓይናቸው እያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥሬ ዕቃ እየላከ የተሠራ ዕቃ የሚያስገባ ሕዝብ በንግዱ ውስጥ እንዴት እንደሚጎዳ፣ በየኬላው የሚከፈል ቀረጥ ንግድን እንዴት እንደሚያቀጭጭ የጻፉት ዛሬ በየስብሰባው የምንሰማው ክርክር ገና ሳይጀመር ነው። በ1911 ዓ.ም. አረፉ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና የተመረቀባት ከተማ ነጋዴ ይህንን መጽሐፍ በስሙ እንኳ ካላወቀው የሻጩም ጥፋት አለበት።

ሌሎቹም ከዚሁ ከምሥራቁ ጋር የተያያዙ ናቸው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የሕይወቴ ታሪክ» በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1998 ዓ.ም. ታትሟል፤ ሰውየው ጨርጨርን ያስተዳደሩ፣ አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ ናቸው። በሐረር ያደጉት የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው»ም በዚሁ ፕሬስ የወጣ ነው። የአገሩን ስም ገጹ ላይ ያገኘ ሰው ይገዛል፤ ለልጁም ይገዛል።

አሁን ወደ ዋናው ገንዘብ እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ሥራ የቅጂ መብት የሚቆየው ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሥራ ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ አንድ የድሬዳዋ ባለሀብት የመጀመሪያውን እትም ይዞ፣ የራሱን መግቢያ አስጽፎ፣ ለማንም የደራሲ ክፍያ ሳያወጣ ማሳተም ይችላል። በሌላ አሳታሚ የተዘጋጀውን መቅድምና ማብራሪያ ግን መንካት የለበትም፤ የራሱ ባለቤት አለው። በ1969 ዓ.ም. ያረፉት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ጊዜ አልሞላም፤ የሐዲስ ዓለማየሁም ገና ብዙ ይቀረዋል። በድሬዳዋ የዱቄት ወፍጮ የነበረው ፈረንሳዊው ጀብደኛ ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ደግሞ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1974 በመሆኑ በእኛ ሕግ ቆጠራ 50 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሞልቷል። የቀይ ባሕር የመሣሪያና የሐሺሽ ኮንትሮባንድ ታሪኮቹ ወደ አማርኛ ቢመለሱ ድሬ ላይ ገዥ ያጣሉ ብሎ መገመት ይከብዳል! ፈረንሳይ ውስጥ ያለው ቆጠራ ግን 70 ዓመት ስለሆነ መጽሐፉን ከድንበር ለማውጣት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ጠበቃ ያማክር።

በአንጻሩ መብቱ ያላለቀ መጽሐፍ አባዝቶ መሸጥ ርካሽ ንግድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ይኸው አዋጅ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት አስቀምጧል። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ልብ ወለድ ከቱቦ ዳር ሲዘረጋ እያየን ነው፤ በቴሌግራም የሚዞረው ደግሞ ቁጥር የለውም። ይህንን ቸርቻሪው ብቻውን አያቆመውም። ግን ሕጋዊው ኮፒ በሰዓቱ ድሬ ቢደርስ ሌባው የሚሸጥበት ክፍተት ይጠብ ነበር።

ሌላው ሳይነካ የቀረ ገበያ የቋንቋው ነው። በድሬ አንድ ደንበኛ በአማርኛ ዋጋ ጠይቆ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በሶማልኛ ሊሰናበት ይችላል። መደርደሪያው ግን በአብዛኛው አንድ ቋንቋ ነው የሚናገረው። የዳባ ወየሳን «ጎዳኒሳ» ወይም የኢሳያስ ሆርዶፋን «ዮሚ ላታ» የሚፈልግ የኦሮምኛ አንባቢ ስንት ቦታ ይጠይቃል? በሶማልኛ በኩል ደግሞ ሐርጌሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ዐውደ ርዕይ ይካሄዳል። ካርታ ገልጦ ላየ ሰው ሐርጌሳም ጅቡቲም ከአዲስ አበባ ይልቅ ለድሬዳዋ ይቀርባሉ። ልጅነቱን በኦጋዴን ቀላፎ ያሳለፈው ኑሩዲን ፋራህና ጅቡቲያዊው አብዱራህማን ዋበሪ የዓለም አንባቢ የሚያውቃቸው ደራሲያን ናቸው፤ ጎረቤታቸው ድሬ ግን ሥራዎቻቸውን በቀላሉ አታገኝም። ለጨርቅና ለሩዝ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነጋዴ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ቢጨምር መኪናው አይከብደውም።

በመጨረሻ ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆኑ ሁለት ነገር እንጠቁም። አንደኛው ሙቀቱ ነው። በሙጫ የተጣበቀ ጥራዝ በድሬ ፀሐይ ሲውል ጀርባው ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን አከፋፋይ አይመልስም። ከተማው ከቀትር በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ስለሚተኛም የከዚራ ዛፎች ሥር የሚዘረጋ ሻጭ ገበያው ጠዋትና ምሽት ነው። ሁለተኛው የቀን አቆጣጠሩ ነው። ከመስከረም የትምህርት ቤት ግርግር ቀጥሎ ትልቁ ሰሞን ታኅሣሥ 19 የሚውለው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ከመላ አገሪቱ የሚመጣው ሕዝብ ብዙው በድሬ ያልፋል፤ ሆቴል ይይዛል፤ ለመንገድ የሚያነበው ይፈልጋል። ለዚያ የሚሆን ትዕዛዝ ለአዲስ አበባ አከፋፋይ መድረስ ያለበት ቢዘገይ በኅዳር አጋማሽ ነው።