ሳይለካ የማይታመን ጎተራ

የአቶም እምብርት የመጣበትን ኒውትሮን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካበት አሃድ «ባርን» ይባላል፤ ወደ እኛ ሲመለስ ጎተራ እንደ ማለት ነው። ስሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቀልድ የወጣ ነው፤ ቁጥሩ ግን ቀልድ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 በአሜሪካ ሃንፎርድ የተገነባው ቢ ሪአክተር ሥራ በጀመረ ማግስት ኃይሉ እየወረደ ሄዶ ማንም ሳይነካው ጠፋ፤ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ነፍስ ዘራ። ጥፋቱ የዜኖን 135 ነበር፤ እዚያው ሪአክተሩ ውስጥ ተወልዶ ሪአክተሩ የሚሠራባቸውን ኒውትሮኖች የሚውጥ፣ በ9 ሰዓት ገደማ በግማሽ የሚቀንስ ጋዝ። ይህ ጋዝ ወደ 2.6 ሚሊዮን ባርን የሚጠጋ ኒውትሮን የመያዝ አቅም እንዳለው አስቀድሞ የለካ አልነበረም።

እንደ ዜኖን 135 ያለውን ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ መለካት የሚከብደው በራሱ ጠባይ ነው፤ ናሙናው ጥቂት ነው፣ ጥቂቱም በየሰዓቱ ይመነምናል፣ የራሱ ጨረር ደግሞ የሚፈለገውን ምልክት ይውጠዋል። አንዱን ዘዴ ለማስረዳት ጥር 23 በአዊ ዞን እንጅባራ ላይ የሚወጡትን የአገው ፈረሰኞች ልዋስ። ፈረሶች ሁሉ ከአንድ መስመር በአንድ ቅጽበት ቢለቀቁ፣ መድረሻው ላይ የቆመ ሰው ሰዓቱን ብቻ አይቶ የእያንዳንዱን ፍጥነት ያውቃል። በጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል የሚገኘው ኤን-ቶፍ የተባለው መሣሪያም ፕሮቶኖችን እርሳስ ላይ ወርውሮ ኒውትሮኖችን ይለቃል፤ 185 ሜትር ያህል ሮጠው ናሙናው ጋ ይደርሳሉ። እምብርቱ ኒውትሮን ሲይዝ ጋማ ጨረር ይረጫል፤ ጨረሩ የታየበት ቅጽበት የተያዘው ኒውትሮን በምን ፍጥነት እንደመጣ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ በሒሳብ አይገመትም ወይ የሚል ይኖራል። ግምቱማ ነበር። ዚርኮኒየም 88 ወደ 10 ባርን ብቻ ተገምቶለት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ልኬት ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ስሕተት ጥቂት ማሻሻያ የሚያሻው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ሌላው ተቃውሞ ለአዊ ገበሬ ምን ይፈይዳል የሚለው ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዳንግላ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ የካንሰር ሕመምተኛ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት የጨረር ሕክምና ሲያገኝ የነበረው በኮባልት 60 ነው። ኮባልት 59 በ37 ባርን አቅሙ ኒውትሮን ይዞ 60 ይሆናል። የተወለደው 60 ግን በ5.27 ዓመት በግማሽ ከመፍረሱ በላይ፣ ሪአክተር ውስጥ እስካለ ድረስ እሱም በ2 ባርን ገደማ እየያዘ ወደማይፈለገው 61 ይሻገራል። አምራቹ ነቀዝ የገባበት ጎተራ እንደሚሞላ ሰው ነው፤ የሚገባውን ብቻ ቆጥሮ መቼ እንደሚያወጣው ሊወስን አይችልም።