የተራበችው ነብር

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጅቷ ትሳደባለች፣ ትማታለች፣ ለሰው ፊት አትሰጥም። እንዴት አድርገው ቢጽፏት ነው ተመልካቹ «ምነው ከእሷ ጋር በሆነ!» ብሎ የሚመኘው?

ለዚህ ጥያቄ ከ«ቶራዶራ» የተሻለ መልስ ያለው አኒሜ አላየሁም። መነሻው የዩዩኮ ታኬሚያ ልቦለድ ነው፤ አኒሜው እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀምሮ በ2009 ያለቀ ሲሆን 25 ክፍል አለው። ካላያችሁት አንዳንድ ነገር ስለማወጣ ከአሁኑ ይቅርታ።

ልጅቷ ታይጋ አይሳካ ትባላለች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ቁጣዋን ፈርቶ «የመዳፍ ነብር» ይላታል። ለሌላ ልጅ ያዘጋጀችውን የፍቅር ደብዳቤ ተሳስታ ሪዩጂ ታካሱ የሚባል ልጅ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በውድቅት ሌሊት የእንጨት ሰይፍ ይዛ ቤቱ ድረስ ትመጣበታለች! ፖስታው ደግሞ ባዶ ነው፤ ደብዳቤውን መክተት ረስታዋለች።

ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። በግብግቡ መሃል ታይጋ በረሃብ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች። ሪዩጂ በዚያ ሌሊት ሩዝ በነጭ ሽንኩርት ይጠብስላታል፣ እሷም ትበላለች። ልብ በሉ፣ ጸባይዋ ቅንጣት አልተለወጠም። የተለወጠው እኛ የምናይበት ዓይን ነው። ቀጥሎ ቤቷን እናያለን፦ ሰፊ አፓርታማ፣ የሚጠይቃት ወላጅ የሌለበት፣ ያልታጠበ ሳህን ተከምሮ የሸተተበት ወጥ ቤት። የአባቷ ጉዳይ የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያው ብቸኝነቷን የሚነግረን ሳህኑ ነው።

ጃፓኖች ውጪዋ እሾህ፣ ውስጧ ቅቤ የሆነችን ልጅ «ጹንደሬ» ይሏታል። ብዙ አኒሜ ይህን እንደ ቀመር ይወስደዋል፦ ልጁን ትመታዋለች፣ ጉንጯ ይቀላል፣ አለቀ። ወይም አንድ አሳዛኝ ታሪክ አምጥተው ይለጥፉባትና ጥፋቷን ሁሉ ያስተሰርዩበታል። እኔን ይህ አያሳምነኝም። የታይጋም ዱላ ቢሆን አሁንም ደስ አይለኝም፤ ደግነቱ ታሪኩም አያሞግሰውም።

ሪዩጂንም አትርሱት። ከአባቱ በወረሰው አስፈሪ ዓይን የተነሳ ሰው ሁሉ ወሮበላ ነው ብሎ ይሸሸዋል፤ እሱ ግን ማብሰልና ቤት ማጽዳት የሚወድ ልጅ ነው። በመልክ መፈረድን ስለሚያውቀው ታይጋን ሲታገሣት ሞኝ አይመስለንም። የሚወዳት ሰው የራሱ ምክንያት ከሌለው ፍቅሩ ከየትም አይመጣም።

ከሁሉ የምወደው ግን ቁጣዋን አለማጥፋታቸውን ነው። ክፍል 16 ላይ ያንኑ የእንጨት ሰይፍ ይዛ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ዘልቃ ትገባለች፤ አሁን ግን የምትጣላው ልቡ ስለተሰበረ ጓደኛዋ ነው። እሳቱ ያው ነው፣ የሚነድለት ሰው ተቀየረ እንጂ። ክፍል 19 ላይ ደግሞ፣ በገና ዋዜማ ምሽት፣ ሪዩጂን ራሷ ወደ ሌላ ልጅ ትልከዋለች። እሱ ከሄደ በኋላ በባዶ እግሯ ወደ መንገድ ወጥታ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። ያቺ ሌሊት ሰይፍ ይዛ የመጣችው ልጅ ናት፤ ግን ማንም «ይህቺ ሌላ ሰው ናት» አይልም።

እናንተም የማትወደድ ሰው የምትጽፉ ከሆነ፣ መጀመሪያ ምን እንደራባት ፈልጉ።