ውኃ ሽቅብ ሲወጣ፦ የግድግዳ እርጥበት ከየት ይመጣል?

በአሶሳና በአካባቢዋ ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ዓመታዊ መጠኑም ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በኮንክሪት ወለል ላይ በብሎኬት በተሠሩ ቤቶች፣ ከክረምቱ በኋላ የግድግዳው ግርጌ ቀለሙ ሲላጥ፣ ልስኑ ሲፈረፈርና ነጭ ዱቄት ሲያወጣ እናያለን። ባለቤቱ ጣሪያውን ይጠረጥራል፤ ጣሪያው ግን ላያፈስ ይችላል። ታዲያ ውኃው ከየት መጣ?

መልሱን ከኩራዝ እናገኛለን። ላምባው ከታች ሆኖ እሳቱ ከላይ የሚነደው፣ ላምባው በክሩ ቀጫጭን ክፍተቶች ሽቅብ ስለሚሳብ ነው። ኮንክሪትና ብሎኬትም ድፍን ቢመስሉ እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች አሏቸው። ውኃው ከቀዳዳው ጎኖች ጋር በመሳሳብ ይወጣል፤ ይህ ኃይል ከውኃው ክብደት ጋር ሲመጣጠን ይቆማል። ቀዳዳው በጠበበ መጠን ከፍታው ይጨምራል። ሬዲየሱ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ የመስታወት ቱቦ ውኃ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ሬዲየሱ 0.01 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን 1.5 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በግድግዳ ላይ ትነት ይህን ከፍታ ይቀንሰዋል።

ነጩ ዱቄት ውኃው ከአፈርና ከሲሚንቶ አሟሙቶ ያመጣው ጨው ነው። ውኃው ሲተን ጨው በቀዳዳዎቹ ውስጥ እየጠጠረ ልስኑን ይሰነጥቃል።

እንግዲህ ግርጌውን በየዓመቱ በሲሚንቶ መለሰን መፍትሔ አይሆንም። አዲሱ ልስን ትነቱን ስለሚያግድ ውኃው ከልስኑ በላይ መውጫ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ይባክናል፣ እርጥበቱም ከፍ ይላል።

መፍትሔው የውኃውን መንገድ መቁረጥ ነው። ከወለሉ በታች ድንጋይ ይነጠፋል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ በመሆኑ ውኃ ሽቅብ አይሳብበትም። በላዩ ወፍራም ላስቲክ ተዘርግቶ ኮንክሪቱ ይሞላል፤ በወለሉና በመጀመሪያው የብሎኬት ረድፍ መካከልም እንዲሁ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይገባል። ወለሉን ከግቢው መሬት ከፍ ማድረግና የጣሪያውን ክፍክፍ ማስረዘምም ይጠቅማል። ጎተራቸውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ከመሬት ከፍ አድርገው የሚሠሩ ገበሬዎቻችን ይህንኑ መርህ በተግባር ያውቁታል። አስቀድሞ ለተሠራ ቤት ደግሞ በግድግዳው ላይ የተከመረውን አፈር ማንሳት፣ ውኃውን በቦይ ማራቅና በሲሚንቶው ፋንታ እርጥበትን በሚያስተነፍስ ኖራ መለሰን ይሻላል።

አንባቢያን ነገሩን በሁለት ጠመኔ መሞከር ትችላላችሁ። አንዱን ቀለም ባለው ውኃ ላይ አቁሙት። ሌላውን ለሁለት ሰብራችሁ በመካከሉ ቁራጭ ላስቲክ አስገብታችሁ አቁሙት። ቀለሙ የት ላይ እንደሚቆም ስታዩ፣ ያ ቁራጭ ላስቲክ ለአንድ ቤት ያለውን ዋጋ ትረዳላችሁ።