የሳይኮሎጂ ተማሪዎች የምርመራ ክህሎትና ቅይጥ ትምህርት፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከተበላ ከተማ ተነሥቶ ለአእምሮ ጤና አገልግሎት ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ ተገልጋይ፣ ከባለሙያው ጎን በተግባር ልምምድ ላይ ያለ የሳይኮሎጂ ተማሪ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ተማሪዎች ለዚህ ተግባር የሚዘጋጁበትን አንድ መንገድና ተገልጋዩ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

ቅይጥ ትምህርት ምንድን ነው?

ቅይጥ ትምህርት በኢንተርኔት የሚሰጥን ትምህርት ከገጽ ለገጽ ትምህርትና ከተግባር ልምምድ ጋር ያጣመረ የማስተማሪያ ዘዴ ነው።

በኢንተርኔት የሚሰጠው ክፍል

የምርመራ መስፈርቶችን ለማጥናት ይህ ክፍል ምቹ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች ምደባ መሠረት፣ ድብርት አለ ለማለት ከ10 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ፣ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ቢያንስ ለ2 ሳምንታት መታየት አለባቸው። ከእነዚህም አንዱ የተከፋ ስሜት ወይም የፍላጎት ማጣት መሆን ይኖርበታል። ተማሪው በተቀረጹ ቃለ መጠይቆች ላይ ደጋግሞ ይለማመዳል፤ ቢሳሳትም በተገልጋይ ላይ ጉዳት አይደርስም።

በአካል የሚሰጠው ክፍል

መስፈርትን በቃል ማወቅ ብቻውን ሰውን ለመረዳት አያበቃም። በአማርኛ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚል ሰው ስለ ሆድ ሕመም ላይናገር ይችላል፤ ወላይትኛ ተናጋሪውም የራሱ አገላለጽ አለው። የቅርብ ሰው የሞተበት ሰው ሐዘንም ወዲያውኑ ድብርት ተብሎ አይሰየምም፤ ምደባው በዚህ ጊዜ ረዘም ያለ ቆይታንና የከበዱ ምልክቶችን ይጠይቃል። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መታወክም ድብርት ሊመስሉ ስለሚችሉ የሕክምና ምርመራ ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ልዩነቶችን ማስተዋል የሚዳብረው ከተገልጋይ ፊት ለፊት በመቀመጥና ከአሠልጣኝ በሚገኝ እርማት ነው። ስለዚህ የኢንተርኔቱ ክፍል የተግባር ልምምድን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

• የሚያነጋግርዎ ተማሪ ወይስ ባለሙያ መሆኑንና ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ ይጠይቁ።
• ተማሪ እንዲገኝ ካልፈለጉ በግልጽ ይናገሩ፤ ፈቃደኛ አለመሆንዎ አገልግሎት ሊያስከለክልዎ አይገባም።
• ስሜትዎን በሚቀልዎ ቋንቋ ይግለጹ፤ አስተርጓሚ ካስፈለገም ይጠይቁ።
• መጠይቅ መሙላት ቅድመ ልየታ እንጂ የመጨረሻ ውጤት አለመሆኑን ይገንዘቡ፤ ውሳኔው በባለሙያ መረጋገጥ አለበት።
• የሚወስዱትን መድኃኒትና ያለብዎትን ሌላ ሕመም አስቀድመው ያሳውቁ።

ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያደረበት ሰው ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ ብቻውንም ሳይተው፣ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በአፋጣኝ ሊወሰድ ይገባል።