ዓሣ መሰላል ሲወጣ

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ዋሽንግተን ዲሲ የሄዱ ወላጆች ሮክ ክሪክ ፓርክን ያውቁታል። ቅዳሜና እሁድ ሐበሻው ሥጋ የሚጠብስበት፣ ልጅ የሚያሯሩጥበት ስፍራ ነው። እኔም ሚያዝያ ላይ የልጅ ልጄን ይዤ የወረድኩት ለሽርሽር ነበር። እሷ ግን ከወንዙ ዳር አልነቃነቅ አለችኝ። "አባባ፣ ዓሣው መሰላል ሊወጣ ነው!" ስትለኝ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ ኮንግረስ ሕግ የተቋቋመ ነው። በውስጡ ፒርስ ሚል የሚባል፣ በ1820ዎቹ የተሠራ የድንጋይ ወፍጮ ቤት አለ፤ አጠገቡ ውሃው እንደ ፏፏቴ የሚወርድበት ግድብ። የሚገርመው ግድቡ ለወፍጮው አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለዓይን እንዲያምር ተብሎ የተሠራ ነው፤ የዓሣውን መንገድ ግን ዘጋ።

ሄሪንግ የሚባለው ብርማ ዓሣ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት እንቁላሉን ለመጣል በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና በፖቶማክ በኩል ጨው ወደሌለው ውሃ ይመጣል። እንደ ሳልሞን መዝለል ስለማይችል ዝቅተኛ ግድግዳ እንኳ ያቆመዋል። በ2000ዎቹ በፖቶማክ ላይ ያለው የዉድሮ ዊልሰን ድልድይ እንደ አዲስ ሲሠራ ለተፈጥሮ ጉዳቱ ማካካሻ እንዲሆን የሮክ ክሪክ መሰናክሎች ተነሡ ወይም ተስተካከሉ፤ ከግድቡ ጎንም የዓሣ መሰላል ተሠራ። መሰላል ይባል እንጂ ተዳፋት ቦይ ነው። ውስጡ የተደረደሩት ርብራቦች የውሃውን ጉልበት ያበርዱለታል፤ ዓሣው በመካከላቸው እየዋኘ ይወጣል።

እኔ ፎገራ ነው ያደግሁት። ክረምት ሲገባ የጣና ዓሣም እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች እንደሚወጣ፣ አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን ወንዙ አፍ ላይ እንደሚዘረጋ ነገርኳት።

"ታዲያ ሳይወልድ ተያዘ?" አለችኝ።

አዎ አልኳት። እናቴ ዓሣ ስትከፍት ሆዱን እንቁላል ሞልቶት ስናይ ደስ ይለን ነበር። ከዚያ አልፈን አላሰብንም።

ልጅ ይዛችሁ ከሄዱ አንድ ነገር አደራ፦ ውሃው ውስጥ አታስገቡ። ከባድ ዝናብ ሲጥል የፍሳሽ ቆሻሻ ይቀላቀልበታል፤ መዋኘትም እግር መንከርም የተከለከለ ነው። ልጄ ይህን ቀድሞ ባይነግረኝ ኖሮ እኔው ራሴ ጫማዬን አውልቄ ነበር።

ከግድቡ ሥር ሰባት ቆጠርን። ስምንተኛው ወደ ቦዩ ገባ ሲባል ተመልሶ ወረደ። እንሂድ ብላት፣ "ቆይ አባባ፣ እንደገና ይሞክራል" ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። የምሳው ሥጋ ሳይጠበስ መሸ።