የፈረንሳይኛ ቋንቋ በጅቡቲ መንገድ ንግድ ላይ ያለው ጥቅምና ወሰን

ከባምቢስ ሠፈር ቁልቁል ወርዶ መስቀል አደባባይን የተሻገረ ሰው ብዙም ሳይርቅ ለገሀር ይደርሳል። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ሲሆን ትርጓሜውም የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የቀድሞው ባቡር ወደዚያ መግባቱን ካቆመ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ስሙ ግን አልጠፋም፤ ይኸውም ንግድና ቋንቋ በአንድ መንገድ ተጉዘው እንደ ገቡ ያስረዳል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ የማሠራት ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የኩባንያው ሥራ በፈረንሳይኛ ይካሄድ ስለ ነበረ፥ ከእርሱ ጋር የሚሠራ ጸሐፊና ነጋዴ ቋንቋውን መማር ጠቀመው። ከዚህም በላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ኤስካራ ነበሩ፤ እርሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸሙት። ከሕጉ ብዙው ክፍል የተተካው በ2013 ዓ.ም. ነው።

የጋራ ቋንቋ ነጋዴን የሚጠቅመው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ሻጭና ገዢ ያለ አስተርጓሚ ይገናኛሉ። ሁለተኛ፥ ውሉን ሁለቱም ራሳቸው አንብበው ስለሚፈርሙ መተማመን ይጸናል። ሦስተኛ፥ ጠብ ቢነሣ እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ድካሙ ይቀንሳል። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም ርቀታቸውና ሀብታቸው ከተመሳሰለ አገሮች መካከል ቋንቋ የሚጋሩት የበለጠ እንደሚነግዱ ይናገራሉ።

ነገር ግን ቋንቋ ብቻውን ንግድን አይፈጥርም። ጅቡቲ በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ፈረንሳይኛና ዓረብኛን የመንግሥት ቋንቋዎች አድርጋለች፤ ኢትዮጵያ ግን ፈረንሳይኛን የመንግሥት ቋንቋ አላደረገችም። ይህም ሆኖ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ምክንያቱም ወደቡ ቅርብ፥ መንገዱም የተዘጋጀ ነው። በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ የሠሩትም ቻይናውያን ኩባንያዎች ናቸው። በሁለቱ አገሮች ድንበር የሚኖሩ ነጋድያንም ከፈረንሳይኛ በፊት የሚግባቡት በሶማሊኛና በአፋርኛ ነው።

እንግዲህ ፈረንሳይኛ ንግዱን ባይፈጥረውም፥ አለማወቁ ኪሳራ ሊያመጣ ይችላል። ለምሳሌ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነጠላ ሰረዝ ሙሉውን ቁጥር ከክፋዩ ይለያል። ስለዚህ በፈረንሳይኛ ሰነድ ላይ «1,500 ኪሎ» ተብሎ ቢጻፍ አንድ ኪሎ ተኩል ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ልማድ የሚያነብ ግን ሺህ አምስት መቶ ይለዋል። እንዲሁም የፈረንሳይኛው «ሚልያር» ሺህ ሚልዮን ሲሆን፥ «ቢልዮን» የሚለው ቃላቸው ደግሞ ሚልዮን ጊዜ ሚልዮን ነው። በዋጋ ዝርዝሩና በመርከብ ጭነት ሰነዱ ላይ ያለው ሚዛን ካልተስማማ፥ ሰነዱ እስኪታረም ዕቃው ወደብ ላይ ይቆያል፤ የቆየበትም ኪራይ በባለቤቱ ላይ ይቈጠራል።

ስለዚህ አስመጪውም ላኪውም ሚዛንንና ገንዘብን በአኃዝ ብቻ ሳይሆን በፊደልም እንዲጻፍ በውሉ ቢያስገባ፥ የፈረንሳይኛውንም ሰነድ ከመፈረሙ በፊት ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ቢያስነብብ፥ የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት፥ የሚያድነው ግን ብዙ ይሆናል።