በሰውነታችን ውስጥ ያሉ የውኃ በሮች

በኅዳር አጨዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታችሁ ውሎ ማታ ሽንታችሁን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጥቂት ናት። ቀለሟም ይጠቁራል። በክረምት ቤት ተቀምጠን ስንጠጣ ግን ሽንት እንደ ውኃ ይነጣል፤ ቶሎ ቶሎም ያስወጣናል። ሰውየው ያው ነው። ኩላሊቱም ያው ነው። ታዲያ አንዴ ውኃውን የሚይዘው፣ አንዴ የሚለቀው ማን ነው?

ይህን የምጽፍላችሁ ከአየር ጤና ነው። አየር ጤና በአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሠፈር ነው። እዚህ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ውኃ በመጣ ቀን ጀሪካኑ ሁሉ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ግቢም ይረጫል። ውኃ ሲጠፋ ግን ልብስ የታጠበበት እንኳ አይደፋም፤ ለመጸዳጃ ቤት ይቀመጣል። ሰውነታችንም የሚያደርገው እንዲሁ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። 60 ኪሎ ከሚመዝን ጎልማሳ ውስጥ 36 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጠልላሉ። ይህ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 9 ጀሪካን ነው! በሽንት የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። እኔ ይህን እስክማር ድረስ ሽንት ማለት የጠጣነው ውኃ በቀጥታ ወርዶ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

ውኃው የሚመለሰው በምን በኩል ነው? ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ሁሉ ሰውነታችንም የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ ቅባት ተሸፍኗል። ቅባትና ውኃ ደግሞ አይስማሙም። ቅቤ በተቀባ ፀጉር ላይ ዝናብ ሲያርፍ እንዴት እንደሚንሸራተት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ለውኃ ብቻ የተሠሩ በሮች አሉ። በሮቹ ፕሮቲን ናቸው፤ ስማቸው አኳፖሪን ይባላል። በአንዷ በር በአንድ ሰከንድ 3 ቢሊዮን ያህል የውኃ ቅንጣቶች ያልፋሉ። ጨው ግን አያልፍባትም።

በሮቹን ያገኘው ፒተር አግሬ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ፕሮቲኑን መጀመሪያ ያየው በደም ሕዋስ ላይ ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። እሱና ጓደኞቹ የፈተኑት በእንቁራሪት እንቁላል ነው። የእንቁራሪት እንቁላል ኩሬ ውስጥ ውሎ ቢያድር አይፈነዳም፤ ውኃ በቀላሉ አይገባውም። እነሱ ግን እንቁላሉ ይህን ፕሮቲን እንዲሠራ አደረጉት። ከዚያ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲያስገቡት ወዲያው አበጠና ፈነዳ! በሩ ተገኘ ማለት ነው። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አግሬ በ2003 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኘ።

በመስኖ የምታለሙ ገበሬዎች የሚቀጥለው አይከብዳችሁም። ውኃ ለማን፣ መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስን የውኃ አባት አላችሁ። በሰውነታችን የውኃ አባቱ አንጎል ነው። በላብ ብዙ ውኃ ስናጣ ደማችን ጨው ይበዛበታል። አንጎል ይህን ያውቅና ሁለት ነገር ያደርጋል። ያስጠማናል፤ በደም በኩልም ቫሶፕሬሲን የሚባል መልእክተኛ ወደ ኩላሊት ይልካል። በኩላሊት መጨረሻ ቦዮች ላይ ያሉት ሕዋሳት በሮቹን እንደ ጎተራ እህል በውስጣቸው አከማችተው ይጠብቃሉ። መልእክቱ ሲደርስ በሮቹ ወጥተው ሽፋኑ ላይ ይገጠማሉ። ውኃው በእነሱ አልፎ ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንት ይጠቁራል። ጠጥተን ስንረካ መልእክቱ ይቀንሳል፣ በሮቹም ተነቅለው ወደ ጎተራቸው ይገባሉ።

እነዚህ በሮች ተበላሽተው የሚወለዱ ሰዎች አሉ፤ በቀን ከ10 ሊትር በላይ ሊሸኑ ይችላሉ። አረቄም ለጊዜው በሩን ያስነቅላል፤ መልእክተኛው እንዳይላክ ያግዳል። አረቄ የጠጣ ሰው ሌሊቱን ሲሸና አድሮ ጠዋት ጉሮሮው የሚደርቀው ከዚህም የተነሣ ነው። (ይህን ስነግራቸው የሳቁ አባቶች አሉ።)

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ተቅማጥ ሲይዘን በሮቹ ሁሉ ቢገጠሙም አይበቃም፤ ውኃው በሌላ በኩል እየሄደ ነውና። ኩላሊት ያለውን ይቆጥባል እንጂ የሌለውን አያመጣም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። አተት የያዘው ሰው ውኃ ካልተተካለት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሕፃን ደግሞ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል።

አያቴ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ «ውኃ አታጠጡት፣ ይብስበታል» ይሉ ነበር። ያዩትን ነው የተናገሩት፤ የጠጣው ሁሉ ሲወጣ ያያሉ። ግን ልጁ የሚሞተው ውኃ በማጣት ነው። ንጹሕ ውኃ ብቻውን በደንብ የማይገባው፣ በአንጀት ውስጥ ውኃ ጨውን ተከትሎ ስለሚሄድ ነው። ጨው ደግሞ ከስኳር ጋር ሲሆን በደንብ ያልፋል። ይህ መንገድ በአተት ጊዜ እንኳ አይዘጋም።

ስለዚህ ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. በጥብጡ። ከሌለ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ማንኪያው ልክ እስከ አፉ እንጂ ክምር አይሁን። ጨው ከበዛ ከሕዋሳቱ ውኃ ይስባል፤ ጉዳት ነው። በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ጀምሩ። ጡትም አትከልክሉት።

የሕፃኑ እርግብግቢት ከጎደጎደ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከጠዋት ጀምሮ ካልሸና ወይም ከፈዘዘ፣ ቅቤ መቀባቱን ተዉና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በመንገድም ላይ ማጠጣቱን አታቋርጡ።